ለገጠር ወረዳ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ ወይስ የመስኖ ሞተር ጥገና? (ምሥራቅ ጎጃም)

ጮቄ ሥር (ጥያቄውን ያቀረበ)

እንደምን ሰነበታችሁ። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ላለ አንድ ትንሽ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። «አውቶ መካኒክ ክፈቱ» የሚል ግፊት አለ። አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ አይያያዝም። በወረዳው ከተማ የሚያድር መኪና በጣት ይቆጠራል፣ ጋራዥ የሚባል የለም፣ ሠልጣኙን ለትብብር ሥልጠና (ሥራ ቦታ ላይ ሆኖ ለሚማረው) የምናስጠጋበት ደጃፍ አይገኝም። በየወንዙ ዳር ግን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሞልቷል። ገበሬው «ጀኔሬተር» የሚለውን ማለቴ ነው። ሲበላሽ በአህያ ተጭኖ መንገድ ዳር ይወጣል፣ ከዚያ በአይሱዙ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ተጠግኖ እስኪመለስ ሽንኩርቱ ይደርቃል።

ስለዚህ የመስኖ ሞተርና ፓምፕ ጥገናን ዋና ሥልጠና ልናደርግ አስበናል። በእጃችን ያለው 8 በ18 ሜትር ወርክሾፕ፣ ባለ 3 ፌዝ መስመር፣ 6 ሞርሳ፣ 2 የብየዳ ማሽን፣ 1 የቁም ትራፓኖና 2 አሠልጣኝ ነው። የምንቀበለው 24 ሠልጣኝ። ምን ይገዛ? ምን ይቅደም? የትብብር ሥልጠናው መቼ ይሁን? ምዘናውስ?

ባለሞርሳ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አጥብቃችሁ ያዙት። ግን ከመሣሪያ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ።

አንደኛው የሙያ ደረጃው፣ ማለትም ሙያው የሚጠይቀውን ችሎታ የሚዘረዝረው ሰነድ ነው። ኮሌጅ በራሱ ስም አውጥቶ ሙያ አይከፍትም። በእርሻ መሣሪያና በመስኖ ዘርፍ ከተዘጋጁት የሙያ ደረጃዎች ውስጥ አነስተኛ ሞተርና ፓምፕ የሚነካው የብቃት አሃድ (የሙያው አንድ ክፍል) የትኛው እንደሆነ ፈልጉ፣ ከዚያ ከዞንና ከክልል ቢሮው ጋር ተነጋግራችሁ ፈቃዱን ያዙ። ፈቃዱ እስኪመጣ በአጫጭር ሥልጠና መጀመር ይቻላል።

ሁለተኛው ካሌንደሩ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምለው ይኼን ነው። የሥልጠናው ቅደም ተከተል ከመስኖው ወቅት ጋር ካልታሰረ ሠልጣኙ ሞተር በሌለበት ወር ለትብብር ይወጣና ወንበር ሲያሞቅ ይከርማል። በእኛ አገር ሞተር በሁለት ወቅት በሁለት ዓይነት ሕመም ይታመማል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ የሚመጣው «አልነሣም ያለ» ነው። ከሰኔ ጀምሮ ቤንዚን እንዳለበት ጓዳ ተቀምጦ ይከርማል፣ ቤንዚኑ እንደ ሙጫ ይረጋና የካርቡሬተሩን ዤት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ጠባብ ቀዳዳ) ይደፍነዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚመጣው ደግሞ «ይነሣል፣ ውሃ ግን አያወጣም» ነው። ወንዙ ይቀንሳል፣ ሞተሩና ውሃው ይራራቃሉ፣ ቱቦው አሸዋ መሳብ ይጀምራል፣ ሲሉ (ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው) እና ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ይበላል።

እንግዲህ ሥልጠናው ኅዳር ላይ ከጀመረ መጀመሪያ ነዳጅና እሳት (ካርቡሬተር፣ ካንዴላ፣ ማስነሻ ገመድ)፣ ቀጥሎ ጥር ላይ የፓምፕ ክፍል (ሲል፣ ኢምፔለር፣ ፉት ቫልቭ የሚባለው የመሳቢያ ቱቦው ጫፍ መዝጊያ፣ ቱቦ) ይሁን። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ትብብር፣ ግንቦት ወደ ወርክሾፕ ተመልሶ ሙሉ ሞተር መፍታትና መግጠም። የፒስተን ፋሻና ቫልቭ መጨረሻ የተደረገው ሰኔ ሲገባ ገበሬው ሞተሩን ለወራት ስለማይፈልገው ነው። ከባዱን ጥገና አምኖ የሚያስረክባችሁ ያኔ ነው።

የግሽ ውሃ

ባለሞርሳ በካሌንደሩ ላይ ያሉት ትክክል ነው። ስለ ወርክሾፑ ልጨምር።

24 ሠልጣኝ በ6 ቡድን ይከፈል፣ በ4 በ4። በ6ቱ ጠረጴዛ ላይ 6 የሚፈታ ሞተር፤ እነዚህ አዲስ መሆን የለባቸውም፣ የሞቱም ይሁኑ። ለማስነሳትና ለመለካት ብቻ 2 ጤነኛ ሞተር ውጭ፣ ጣሪያ ባለው ነገር ግን ግድግዳ በሌለው ቦታ። ጭሱ ውስጥ መግባት የለበትም።

በአንድ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው፦ ከ8 እስከ 19 ያለ መፍቻ (በጣም የሚሠራባቸው 10፣ 12 እና 14 ናቸው፤ እነሱን ደርባችሁ ግዙ)፣ የካንዴላ መፍቻ 21፣ ጠፍጣፋና የመስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ማርቴሎ፣ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ)፣ የላሜራ ትሪ። ትሪውን አትግዙ፤ የብረታ ብረት ክፍሉ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር አድርጎ፣ ጠርዙን 5 ሴንቲ አጥፎ ይሥራው። ትሪ ከሌለ ዳዶ ይጠፋል። ቶርክ ሬንች 1፣ መልቲ ሜትር 2፣ ካሊፐር 2 ለሁሉም ይበቃል።

መሣሪያው በሳጥን ውስጥ ሳይሆን በሰሌዳ ላይ ይሰቀል፣ የየአንዳንዱ ቅርጽ በቀለም ይሣልበት። ወርክሾፑ ከመዘጋቱ በፊት አሠልጣኙ ሰሌዳውን አንዴ ሲያይ የጎደለው ራሱ ይናገራል።

በገበያ ላይ በብዛት ላለው ባለ 5.5 እና 6.5 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር እነዚህ ቁጥሮች በግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፉ፦ የካንዴላ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ማስገቢያ 0.15፣ ማስወጫ 0.20። ዘይት 0.6 ሊትር። አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ ከ20 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። የአየር ማጣሪያ በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ ካለ ከዚያም ቶሎ።

ሰዓት መቁጠሪያ የሌለው ገበሬ 100 ሰዓትን እንዴት ይያዘው? በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት የሚያጠጣ 6 ሳምንት ሲሆነው ወደ 100 ይደርሳል። ይኼን ማስላት ሳያስፈልግ «ዘይቱን በየወሩ በባለ እግዚአብሔር ማግስት ቀይሩ» ብትሉት አይረሳውም። ቀኑም ትንሽ ቢቀድም ለሞተሩ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ለማጠቢያ ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ላምባ ይበቃል። ለአንድ ትሪ 1 ሊትር፣ ሲጠቁር በጀሪካን አስተኝቶ ከላይ ያለውን በጨርቅ አጥልሎ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ጮቄ ሥር

የግሽ ውሃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ያስቸገረን ነገር አለ። ደጋው ላይ ያሉ ሞተሮች ምንም ሳይሆኑ ደካማ ናቸው፤ ካንዴላቸው በጥቀርሻ ይሞላል። ቆላ ሲወርዱ ይድናሉ። ለሠልጣኝ ምን ተብሎ ይሰጣል?

መሐንዲሷ

ይኼ የጎጃም ሠልጣኝ ከማንም በላይ ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሞጁል ላይ ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላው መጠን ይሰጣል። ቤንዚን ይበዛል፣ አየር ያንሳል፣ ጥቀርሻው የሚመጣው ከዚህ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። በ2,400 ሜትር ሲሰላ ከሩብ ይበልጣል። 6.5 ተብሎ የተገዛው በተግባር ከ5 በታች ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ለደጋ የሚሆን ጠበብ ያለ ዤት መግጠም ነው፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር አምራቾቹም የሚመክሩት ይኼን ነው። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ጥቀርሻውና የነዳጅ ብክነቱ ግን ይቀንሳል። ጠባብ ዤት የተገጠመለት ሞተር ወደ አባይ ሸለቆ ከወረደ ደግሞ የድሮው ዤት ይመለስለት፤ አለበለዚያ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተኑ ይጎዳል።

ሠልጣኞች ዤቱን በብረት ሽቦ ሲጠርጉ ካያችሁ አስቁሙ። ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሞተር ሁልጊዜ ይጠጣል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ አንድ ክር መዳብ ወይም ናይለን ይበቃል፤ ቀጥሎ በአየር መንፋት።

ሁለተኛው ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ መሳቡ ላይ ነው። ፓምፕ ውሃን አይስብም፤ በቱቦው ውስጥ ባዶነት ይፈጥራል፣ ውሃውን የሚገፋው አየሩ ነው። በባሕር ዳርቻ አየሩ ውሃን በስሌት 10.3 ሜትር ድረስ ይገፋል። በ2,400 ሜትር 7.7 ገደማ ላይ ያበቃል። ከዚህ ላይ የቱቦው ፍትጊያ፣ የፉት ቫልቩ፣ የመታጠፊያው ሲቀነስ በደጋ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ላይ ሞተር ማስቀመጥ አይገባም። የሚለካው ከውሃው ገጽ እስከ ፓምፑ መሐል ያለው ቀጥታ ቁመት ነው እንጂ በተዳፋቱ ላይ የተዘረጋው የቱቦ ርዝመት አይደለም። ሠልጣኞች ይኼን ሲያምታቱት ብዙ ጊዜ ይታያል። ገመድና ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይዘው ወንዝ ዳር እንዲለኩ አድርጓቸው።

ውሃ አላወጣም ላለ ሞተር መመርመሪያው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። ፓምፑ ውሃ ተሞልቶለታል ወይ? ፉት ቫልቩ ይዘጋል ወይ? (ቱቦውን ሞልቶ መጠበቅ ነው፤ ውሃው ከወረደ ቫልቩ አልዘጋም፣ ብዙ ጊዜ ቅጠል ወይም ጠጠር ነክሶ ነው።) ቱቦው አየር ይስባል ወይ? (ሞተሩ እየሠራ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ነው ቀዳዳው።) ቁመቱ ስንት ነው? እነዚህ አራቱ ሳያልቁ ማንም መፍቻ እንዳያነሳ። አብዛኛው «የተበላሸ» ፓምፕ እዚሁ ላይ ይድናል።

ባለሞርሳ

መሐንዲሷ፣ እጅሽ ይባረክ። የመፍቻው ነገር ሲደርስ ኢምፔለሩ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ዘንጉ አብሮ ስለሚዞር ሰዎች በማርቴሎ ይመቱታል፣ ካስቱ ይሰነጠቃል። ካንዴላውን አውጥታችሁ፣ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ምት ፒስተኑ ወደ ላይ ሳይደርስ ንጹሕ የናይለን ገመድ በቀዳዳው አስገቡ፤ ፒስተኑ ገመዱን ተጭኖ ይቆማል፣ ዘንጉ አይዞርም። ጫፉ ውጭ እንዲቀር አድርጉ፤ ሲያልቅ ጎትቶ ማውጣት ነው።

ሲሉ ሲያልቅ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ ያንጠባጥባል። ይኼ ችላ ከተባለ ውሃው ዘንጉን ተከትሎ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ያኔ ጥገናው የሲል መሆኑ ይቀርና ኩሽኔታ ድረስ ይሄዳል። ሲልን የሚገድለው ደግሞ በአብዛኛው ፓምፑ ውሃ ሳይሞላ መነሣቱ ነው፤ በደረቁ ሲዞር በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ፊቱ ይሰነጠቃል። አዲሱን ሲል ስትገጥሙ ፊቱን በጣት አትንኩ፤ ላቡና ቅባቱ እንኳ እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ዘደምበጫ

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳያልፍ። መሐንዲሷ ያሉት የ5 ሜትር ወሰን ገበሬውን ወደ ሞት የሚወስድበት መንገድ አለ። የእጅ ጉድጓዱ 8 እና 10 ሜትር ሲጠልቅ ከላይ ሆኖ መሳብ አይቻልም፤ ስለዚህ ሞተሩን በገመድ አውርደው ጉድጓዱ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። የሚወጣው ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ የተሞላ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሞተሩ ሲጠፋ ሊያይ የገባው ሰው ይወድቃል፤ እሱን ሊያወጣ የገባው ወንድሙም አብሮ ይቀራል።

ይኼ በሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ይሰጥ፣ በአጫጭር ሥልጠና ለገበሬውም ይደገም። ነዳጅ የሚጠጣ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ ለአንድ ሰዓትም፣ ናፍጣም ቢሆን። ጭሱን በረጅም ቱቦ ወደ ላይ እናውጣው የሚለውም አያድንም፤ መጋጠሚያው ያፈሳል። ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎ አይግባ፤ ከላይ በገመድ የታሰረ ካልሆነ፣ ያውም ሞተሩ ጠፍቶ ጉድጓዱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ።

አማራጩ ወንዝ ዳር ከሆነ ዳርቻውን ቆርጦ፣ አንድ ጎኑ ወደ ወንዙ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ደረጃ ሠርቶ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ነው። ጉድጓድ ከሆነ ጠላቂ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወይም የገመድ ፓምፕ።

የግሽ ውሃ

የገመድ ፓምፑን የብረታ ብረት ክፍላችሁ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ለእናንተ ኮሌጅ ከዚህ የተሻለ ምርት አይታየኝም። ጎማው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጠርዝ፣ እጀታው ከቧንቧ፣ ቱቦው ፒቪሲ፣ ገመዱ ናይለን፤ በየ1 ሜትሩ ጎሚኒ ወይም ፕላስቲክ ቁልፍ ይታሠርበታል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ቱቦው ይጥበብ፤ አለበለዚያ የውሃው ክብደት እጅ ይሰብራል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከታች ገመዱን የሚያዞረው መሪ ነው። ብረት ከሆነ ገመዱን ይቆርጠዋል፤ ልስልስ ያለ ሸክላ ወይም ጠርሙስ አንገት አድርጉበት።

ብየዳውን በተመለከተ፦ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ ባለ 3.2 ከ90 እስከ 140። ለስስ ቧንቧ 2.5 ይበቃል። ኤሌክትሮዱ በክረምት እርጥበት ይይዛል፣ ብየዳው እንደ ወንፊት ይሆናል። አምፖል የበራበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።

የግምጃ ቤት ሰው

ሁሉም ያማረ ሐሳብ ነው፤ ኅዳር ላይ ዕቃው ከሌለ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለኅዳር የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝሩ ሰኔ ላይ አልቆ መጠበቅ አለበት፤ መስከረም ላይ «ምን እንግዛ» የሚል ኮሌጅ የሚገዛው ጥር ላይ ነው። በዚያ ላይ ዝርዝሩ ውስጥ «የሞተር መለዋወጫ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምንም የማይገጥም ነገር ይመጣላችኋል። ሲል ከሆነ የዘንጉ ዲያሜትር፣ ጉርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ከሆነ ውፍረቱ፣ ካንዴላ ከሆነ በላዩ ያለው ቁጥር ይጻፍ። ከአሮጌው አንዱን ናሙና አድርጋችሁ ከግዥ ሠራተኛው ጋር ላኩ።

አላቂና ቋሚ ዕቃ በአንድ መጠየቂያ አይቀላቀል። የገባው በሞዴል 19 ገቢ ይሁን፣ መምህሩ በሞዴል 20 ይጠይቅ፣ በሞዴል 22 ይውጣ። ችግሩ የሚነሣው መምህሩ የዓመቱን ኤሌክትሮድ በአንድ ቀን በስሙ ሲያወጣ ነው። በሳምንቱ ፍጆታ ልክ ያውጣ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 24 ሠልጣኝ እያንዳንዳቸው በቀን 10 ኤሌክትሮድ ቢያቃጥሉ በ15 የብየዳ ቀን 3,600 ነው። ፓኬቱን ከፍታችሁ ቁጠሩና ወደ ፓኬት ለውጡት። ግምት አታስገቡ።

ጮቄ ሥር

ይኼ የሚጠቅም ነው። የገበሬውን ሞተር ለመማሪያ መቀበልስ? አንዳንዱ አሠልጣኝ «ከጠፋ፣ ከተሰበረ በእኛ ላይ ነው» ብሎ ይፈራል።

ባለሞርሳ

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መድኃኒቱ የመረከቢያ ካርድ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር 1 ገጽ፦ የባለቤት ስምና ቀበሌ፣ የሞተር ቁጥር፣ ሲመጣ አብሮት የነበረው (የነዳጅ ክዳን፣ ፉት ቫልቭ፣ ቱቦ በሜትር)፣ ገበሬው የተናገረው ሕመም በራሱ አባባል፣ ሲፈታ የተገኘው፣ የተቀየረው። አሮጌው ዕቃ በፌስታል ታሥሮ ለባለቤቱ ይመለስ። ገበሬው «ዕቃዬን ቀየሩብኝ» የሚለው አሮጌውን ስላላየ ነው። ሠልጣኝ ይፈታል፣ አሠልጣኝ ሳያየው ግን አይዘጋም፤ ካርዱ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። የእጅ ዋጋ ካስከፈላችሁ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቆርጦ በውስጥ ገቢ ይግባ፤ በእጅ የተቀበሉት ብር ሥራውን ያፈርሰዋል።

ካርዶቹን አትጣሉ። በዓመቱ መጨረሻ ተሰብስበው ሲታዩ አካባቢው የትኛውን መለዋወጫ እንደሚበላ ይነግሯችኋል፤ ለሚቀጥለው ሰኔ የግዥ ዝርዝር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሲመለስ ደግሞ ባለቤቱ ፊት ለኩት። 200 ሊትር በርሜል አምጡ፣ ሰዓት ያዙ። በ40 ሴኮንድ ከሞላ 5 ሊትር በሴኮንድ ነው፣ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ። 1 ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ በሳምንት 87.5 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በቦይ ሲሄድ የሚባክነውን ጨምራችሁ 146 ገደማ በሉት፤ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ገበሬው ስንት ሊትር ነዳጅ ይዞ እንደሚወርድ ያኔ ያውቃል።

እታለም

አሠልጣኝ ነኝ፤ ስለ ሠልጣኞቹ ኑሮ ጥቂት ልበል፤ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ሠልጣኝ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጣ ይሄዳል፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ላይ አዲስ የተግባር ትምህርት የሚጀምር ኮሌጅ የቡድኑን ግማሽ አጥቶ ይጀምራል፣ ማክሰኞ ደግሞ ይደግመዋል። ሰኞ ጠዋትን ለንድፈ ሐሳብ ክለሳና ለመሣሪያ ጽዳት ስጡ፤ ከባዱ ተግባር ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይሁን።

ለገበሬው አጭር ሥልጠና ደግሞ የሚካኤልና የማርያም ቀን ጥሩ ነው፤ እርሻ ስለማይወርድ ሰው ይገኛል። ግን በዚያ ቀን መፍቻ አስይዛችሁ ብረት አታስቀጥቅጡት፤ አያደርገውም፣ ቅርም ይለዋል። በበዓሉ ማሳየትና ማስረዳት፣ ተግባሩን በገበያ ቀን።

ሴት ሠልጣኞችን ሞተር ማስነሣት አይችሉም እየተባለ ወደ ጽዳት ሲገፉ አያለሁ። የገመዱ ጉዳይ የጉልበት አይደለም። ገመዱን ቀስ ብለው ስበው ጥብቅ እስኪልባቸው ይድረሱ፣ መልሰው ይልቀቁት፣ ከዚያ አንዴ ፈጠን አድርገው ይሳቡት። ሞተሩ መሬት ላይ ሳይሆን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መቆሚያ ላይ ታሥሮ ይሁን፤ ጎንበስ ብሎ መሳብ ለማንም ወገብ አይሆንም። ቱታ በልካቸው ይገዛ፤ ረጅም ቀሚስና ነጠላ ከቺንጋ አጠገብ አደጋ ነው። ቁልፍ ያለው መቀየሪያ ክፍል ያስፈልጋል። ይኼ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚቀር ልዩነት የለም።

የሰከላ ልጅ

ለትብብር ሥልጠና ወደ ቆጋ ብትልኳቸውስ? ትልቅ መስኖ ነው።

መሐንዲሷ

ቆጋ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማ ሆኖ ውሃው ከግድቡ በስበት ነው የሚወርደው፤ ለሞተር ጥገና አይሆንም። በሮችንና ቦዮችን፣ የውሃ ተጠቃሚ ማኅበር ተራ እንዴት እንደሚያወጣ ለማየት ግን 2 ቀን ጉብኝት ይገባዋል። ለትብብሩ የሚሻሉት በወረዳችሁ ያሉ የመስኖ ማኅበራት፣ የመለዋወጫ ሱቆችና በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ያሉ ትንንሽ ጠጋኞች ናቸው። ከ2 ሠልጣኝ በላይ አንድ ጠጋኝ ዘንድ አትላኩ፤ ሦስተኛው ቡና አቅራቢ ይሆናል። ኮሌጁ፣ ሠልጣኙና ድርጅቱ ሦስቱም ይፈርሙ፣ መዝገቡ ላይ «ዛሬ ምን ፈታሁ፣ ምን አገኘሁ» በየቀኑ ይሞላ። አሠልጣኙ በ2 ሳምንት አንዴ ሄዶ ያየው።

ነዳጁ አስቸጋሪ ስለሆነ የፀሐይ ፓምፕም እየበዛ ነው። በዚህ ዓመት ባትከፍቱትም መልቲ ሜትር ይዞ የፓኔል ቮልቴጅ መለካትን አስገቡ። በደጋ ብርድ ማለዳ የፓኔሉ ቮልቴጅ ከተጻፈበት ሊበልጥ ስለሚችል መቆጣጠሪያው የሚችለውን ወሰን ሳያዩ ፓኔል በተከታታይ አይደርድሩ።

ዘደምበጫ

ስለ ምዘናው የጠየቃችሁት ሳይመለስ ቀረ። የብቃት ምዘናው ንድፈ ሐሳብም ተግባርም አለው፤ በአንዱ የወደቀ «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ሠልጣኞቻችን በተግባሩ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በቅደም ተከተሉ ነው፦ የደኅንነት ልብስ ሳይለብሱ መጀመር፣ የለኩትን አለመጻፍ፣ ሲጨርሱ ቦታውን አለማጽዳት። መዛኙ ይኼን በዝርዝሩ ላይ ምልክት እያደረገ ነው የሚያየው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ተግባር በዚያው ዝርዝር መዝኗቸው። ሌላው፣ ምዘናው በእናንተው ወርክሾፕ እንዲሆን ከፈለጋችሁ የምዘና ማዕከልነት ጥያቄው ቀድሞ ይግባ፤ አለበለዚያ ሠልጣኙ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ ነክቶት በማያውቀው ሞተር ላይ ይፈተናል።

ጮቄ ሥር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የግዥ ዝርዝሩን የግምጃ ቤት ሰው ባሉት መንገድ እየጻፍን ነው። አንድ ቀረኝ፤ ጉርኒሲዮን ወረቀቱ ስንት ውፍረት ይሁን? ተዘጋጅቶ የሚመጣው በየሞዴሉ ስለማይገኝ ጥቅል ገዝተን ልንቆርጥ ነው።

የግሽ ውሃ

ለፓምፑና ለካርቡሬተሩ 0.5 ሚሊ ሜትር። ወረቀቱን በሚገጠምበት ዕቃ ፊት ላይ አስተኝታችሁ በማርቴሎ ክብ ጫፍ ጠርዙን ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ቅርጹ ራሱ ይወጣል። የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስቀድሙ፤ ሁለት ቡሎን አስገብታችሁ ካሠራችሁት አይንሸራተትም። ለሲሊንደሩ ራስ ግን ይኼን ወረቀት አትጠቀሙ፤ ይቃጠላል። እሱን ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ግዙ።